የፓን ዜኖን መሐላና የካሊና ቅርጫት

በእኛ አገር፣ በፖላንድ፣ እንጉዳይ ለቃሚ ማንንም አያምንም፤ የሚለቅምበትን ቦታ ለወንድሙም አይነግርም። ባለፈው መስከረም ከዋርሶ ወጣ ብሎ ካለው ጫካ ዳር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ጎረቤቴ ፓን ዜኖን («ፓን» በእኛ ቋንቋ «አቶ» ማለት ነው) ቅርጫታቸውን አቅፈው መጡ። በኢንተርኔት የቪዲዮ ጌም የሚሸጥ መደብር አላቸው፤ ሰሞኑን ግን ፊታቸው አይፈታም። ደንበኛው ጌም ለመግዛትና ለመጫወት ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው ፕሮግራማቸው «ይሰልላል» ተብሎ ሰዉ እየሸሸ፣ የዕድሜ ልክ ድካማቸው ሊፈርስ ነበር።

ወዲያው ካሊና ቅርጫቷን በጨርቅ ሸፍና ከዛፎቹ መሃል ወጣች። የሕንጻችን ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ተምራለች፤ ነገር ከያዘች አትለቅም።

«ፓን ዜኖን፣ ለምን ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ ክፍት አያደርጉትም? ሰው ሁሉ አንብቦ ይፍረድ!»

«ማነው የላከሽ?» አሉ ዐይናቸውን አጥብበው። «ተፎካካሪዎቼ ናቸው አይደል?»

«ኧረ ማንም! ደንበኛዎ ነኝ።»

«ሌባም ደንበኛ ነኝ ብሎ ነው የሚገባው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ኮዱን ሰጥቼ ጌሞቹን ይዝረፉኝ?»

«ጌሞቹን ማን ይስጡን አለ? መደብሩም ቁልፉም እርስዎ ጋ ይቆይ። እኔ የምለው እኛ ቤት የሚገባውን ፕሮግራም ነው።»

«አይሰልልም ብዬ በእናቴ አጥንት ምያለሁ! አይበቃም?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ልጅቷን ጠርጥሬያት ነበር። ሳይጠሩት የሚመጣ ምክር ያስፈራኛል።

ፓን ዜኖን ወሬ ለማስቀየር ቅርጫቷ ላይ አፈጠጡ። «ይልቅ የለቀምሽውን አሳዪኝ።»

«አላሳይም። እናቴ ትሙት፣ መርዝ የለበትም! አይበቃም?»

«በመሐላ እንጉዳይ ይበላል እንዴ? ክፈቺው!»

«ቦታዬን ሊያውቁብኝ ነዋ።»

«ቦታሽን ማን ጠየቀሽ? ልትበሉት ያሰባችሁትን አሳዪኝ ነው ያልኩት!»

ካሊና ሳቀች። «እኔስ ሌላ ምን ጠየቅሁ?»

እሷም ደስ ብሏት ጨርቁን ገለጠችው። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰደድ አድርገው አንድ አረንጓዴ ቆብ ያለው እንጉዳይ አወጡ። ከቆቡ ሥር ነጭ ቀለበት ነበረው።

«ይሄ ገዳዩ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

የካሊና ፊት አመድ መሰለ። «የሚበላው መስሎኝ… ለእናቴ ሾርባ ልሠራላት ነበር።»

«አልዋሸሽም። አላወቅሽም እንጂ።»

ይህን ሲሉ የገዛ ቃላቸው ጆሯቸው ውስጥ የቀረ መሰለኝ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ኮድ እንዴት እንደሚከፈት ካሊናን ጠየቋት።

በተከተለው የብርድ ወቅት የወረደው በረዶ ሳይቀልጥ ኮዱ ተከፈተ። የማያውቋቸው ሰዎች ሲያበሳጭ የኖረውን ብልሽት ጠገኑላቸው፤ አንዱማ ዓይነ ስውራን እንዲጠቀሙበት አድርጎ አስተካከለው። ጌም የዘረፈ አልተገኘም። አስቀድሞ የተገኘው ግን ሌላ ነው። ድሮ የለቀቀ ሠራተኛ ለሙከራ ጽፎ የረሳው ቁራጭ ኮድ፣ ከደንበኞች ኮምፒውተር የፋይል ስም እየለቀመ ይልክ ነበር። እኚያ በእናታቸው አጥንት የማሉት ሰው ይህን አያውቁም ነበር። የዚያኑ ዕለት ቁራጩን ከፕሮግራሙ አስወጡት፤ በስማቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ የሸሸውም ደንበኛ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ዘግቶ ከመማል ከፍቶ ማፈር እንደሚሻል እኔም ያኔ ገባኝ።

ዛሬ «ፕሮግራምዎ ይሰልላል?» ብሎ የሚጠይቃቸው ሲመጣ ፓን ዜኖን አይምሉም። «እኔን አትመነኝ» ይላሉ፤ «ገልጠህ እይ።»