ለፒካፕ ሙከራ የተኛሁ በሽተኛ

የአንኮበር እድራችን በሽተኛ በቃሬዛ መሸከም ቢሰለቸው፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የሚያደርስ ፒካፕ ሊገዛ ተነሳ። ደላሎች ሁለት አመጡልን፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ስለ ሞተር ጉልበት ሲለፈልፉ ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ፣ «ሞተሩን ተዉትና፣ ምጥ የያዛት ሴት የምትተኛው ከኋላ ነው። እስቲ አንድ ሰው ይተኛበት» አሉ። ረጅሙ እኔ ነኝና ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። አማተብኩና ከኋላ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ወጣሁ።

ነጩ በኮረኮንቹ ላይ ሲበር አባታችን ሆይን እንኳ መጨረስ አቃተኝ፤ «የዕለት እንጀራችንን» ስል ጭንቅላቴ ከብረቱ ይላተማል። ቀዩ ግን ጉድጓዱን እያባበለ ሄደ። ብርድ ነውና ጋቢዬን እስከ ራሴ ተከናነብኩ፤ ጸሎቴን ጨርሼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የነቃሁት በዋይታ ነው። በጎች መንገድ ዘግተው መኪናው ቆሟል፤ አንዲት መንገደኛ እናት፣ «እኔን ድፍት ያርገኝ! የማን ልጅ ነው?» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። እንዲያ አምርሮ ያለቀሰልኝ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ደስ አለኝ። ቀና ብዬ፣ «እማማ፣ ደህና ነኝ» ብላቸው፣ «በስመ አብ!» ብለው ሮጡ።

ጋሽ ታደሰ ከጋቢና ወርደው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በቃ፣ ይሄን እንገዛለን» አሉ።

በነጩ ሲከተለን የነበረው ደላላ ደርሶ ተናደደ። «ጋሼ፣ በእኔም መኪና ዝም ብሎ ቢተኛ ኖሮ እኮ...»

«ሂድ ወዲያ!» አሉት። «ባንተ መኪና እንኳን እሱ፣ አስከሬንም አይተኛም!»