የዳክዬዋ እግር

«የማትታረድ፣ የማትበላ ወፍ ምን ታደርግልዎታለች እትዬ? ደግሞ ሽባ ናት፤ ለድመት ይስጧት!»

ይህን የሚለው ጥቁር ቦርሳ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። በተሳፈርኩበት ውይይት ታክሲ ውስጥ ከፊት ለፊቱ የተቀመጡት አሮጊት፣ እቅፋቸው ውስጥ ባለችው የዳክዬ ጫጩት ላይ ነጠላቸውን ጣል አደረጉባት።

«ሁሉ ነገር ለሆድ ነው እንዴ ልጄ? ማክሰኞ እህቴ ከደብረ ዘይት ስታመጣልኝ እግሯ እንደ ‹ለ› ተንፈራጦ መቆም አቅቷት ነበር። እንደ ‹በ› ቀጥ እንዲልላት በነጠላ ቅዳጅ አሰርኩላት።»

«እንደ ምን?»

«‹በ› አታውቅም? እኔ እንኳ በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ለየሁ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

«እሺ፣ ዳነች ታዲያ?»

«ዛሬ የምትፈታበት ቀን ነው። ብትወድቅብኝስ ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ።»

«እዚሁ ይፍቷት» አለና ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አጋደመላቸው።

ፈቷት። ጫጩቷ ቦርሳው ላይ ተንገዳገደች፣ ቁጭ አለች፣ ደግሞ ተነሣች።

«ሱብሃነላህ!» አሉ ጥግ የተቀመጡ ሼህ።

«‹በ› ሆነች!» አለ ሰውየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውይ፣ አራችብህ! ቦርሳህን…»

«ይተዉአት እትዬ። ትቁም።»

ሸማ ተራ ስንደርስ አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሸማ ተራ ወራጅ አለ!»

አሮጊቷ ጫጩታቸውን አቅፈው ወረዱ፤ በሩ ተዘጋ።

እኔ ‹በ›ን በጣቴ ጉልበቴ ላይ እየደጋገምኩ ስጽፍ መውረጃዬን አለፍኩ።