ሳይጣሩ የማይገቡት እትዬ ሶሊንግ

እስቲ ሹካችሁን ለአፍታ አስቀምጡልኝ፤ ፓንሲቱ የትም አይሄድም። ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ የተሠራ የፓስታ ምግብ እኔ እስክጨርስ ቢቆይ ምንም አይሆንም። እትዬ ሶሊንግ፣ እርስዎም ደህና ይቀመጡ። «ተቃውሞ አለኝ» ብለው ብድግ ቢሉም አይጠቅምዎትም፣ ዛሬ በመሸኛዎ ዳኛው እኔ ነኝ።

እትዬ መጀመሪያ እዚህ የነፃ ጥብቅና ቢሮ የመጡበትን ቀን የማታውቁ ወጣቶች አላችሁ። ማኒላ በጎርፍ ተጥለቅልቃ ነበር። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በላስቲክ ነጠላ ጫማ፣ ደህናውን ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ደረሱ። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛችን ቱሪንግ ነው፤ አዎ፣ ያ ጥግ ላይ አንገቱን የደፋው። ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ጠበቆቹ ሰው ይዘዋል፤ ተራዎን ይጠብቁ» አላቸው። እሳቸውም «እሺ» ብለው ከባለጉዳዮቹ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ። እኛ ውስጥ ሆነን «አዲሷ ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ቀን ቀሩ» እያልን ስናማቸው፣ እሳቸው እስከ ምሳ ድረስ የአግዳሚውን ሰው ጉዳይ ሁሉ ሰምተው ጨርሰዋል። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ኃላፊያችን «ምን ልርዳዎት?» ቢላቸው፣ «ሶሌዳድ ካባንታግ እባላለሁ፣ ሶሊንግ ይሉኛል፤ ሥራ ልጀምር ነው የመጣሁት። ግን በቅድሚያ ውጭ ያለችው ነፍሰ ጡር ትግባ» አሉት።

እስቲ በእትዬ ምክንያት ጃንጥላ የጠፋበት እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ሁላችንም ነን። የራሳቸውን ለባለጉዳይ ይሰጡና ሲዘንብ የእኛን ያነሳሉ፤ እሱንም መንገድ ላይ ላገኙት ይሰጡታል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ጃንጥላዬስ?» ብላቸው፣ «ኪያፖ አካባቢ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው» አሉኝ። ስለ አረንጓዴው ማንጎና ስለዚያ ስለሚበሉበት የሽሪምፕ ማባያ ባልናገር ይሻላል። ከእኛ ቢሮ የወጣ ማመልከቻ ሳይነበብ በጠረኑ የሚታወቀው ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በላይ የምንስቅባቸው ግን በሌላ ነገር ነበር። መንገድ ላይ የሚያድሩ ሰዎችን ልናነጋግር ስንወጣ፣ የተነጠፈ ካርቶን ወይም ላስቲክ የለበሰ ጋሪ ሲያዩ ራቅ ብለው ይቆሙና «ቤቶች» ብለው ይጣራሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ፀሐይም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን «ይግቡ» ካልተባሉ አይንቀሳቀሱም። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ «እትዬ፣ በር የለው፣ ግድግዳ የለው፤ ዝም ብለን አንቀርብም?» ስላቸው፣ «የእናትህ ቤት በሩ መጋረጃ ቢሆን፣ ዘው ብዬ ብገባ ደስ ይልሃል?» አሉኝ። አብሬያቸው ቆሜ ጠበቅኩ።

ቦዘኔነት ከወንጀል ሕጉ የተሰረዘ ጊዜ እዚሁ አዳራሽ ደግሰን ነበር። ብዙም ሳይቆይ በቦዘኔነት ይያዝ የነበረው ያው ሰው፣ እዚያው ቦታ፣ «መተላለፊያ ዘግተሃል» ተብሎ ሲያዝ አየን። ሮጌልዮ የተያዘው እንደዚያ ነው። እሱና ሚስቱ ማይራ ገበያው ግንብ ሥር በጋሪ ይኖሩ ነበር። ቀን ካርቶንና ቁርጥራጭ ብረት ይለቅሙበታል፤ ሲመሽ ላስቲክ አልብሰው ይተኙበታል። ከተማው እንግዳ ለመቀበል ሲሰናዳ የሰፈር ጥበቃዎች መጡና ላስቲኩን ገልጠው ሮጌልዮን ያዙት፤ ጋሪውንም ከነጓዙ ወሰዱት። ማይራ ከለበሰችው በቀር የቀራት ነገር አልነበረም።

ችሎት ላይ እትዬ ከጥበቃዎቹ አንዱን ጠየቁት። ገና ወጣት ነው።

«ልጄ፣ አማትህ ቤት ስትሄድ በር ላይ ምን ትላለህ?»

«ቤቶች እላለሁ።»

«መልስ ካጣህስ?»

«እጠብቃለኋ።»

«በር ባይኖራቸውስ? መጋረጃ ብቻ ቢሆን?»

«ያው ነው፤ ሰው አለበት አይደል።»

«የእነ ሮጌልዮን ላስቲክ ስትገልጥ ተጣርተህ ነበር?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «አልተጣራሁም» አለ።

እኔ አሸነፍን ብዬ ነበር። ዳኛዋ ግን ጋሪ ቤት አይደለም ብለው ሮጌልዮ ላይ እስር ፈረዱ። ሲወስዱት ሮጌልዮ ወደ እትዬ ዞሮ «ግድ የለም፣ እትዬ። ልጁ አንገቱን ሲደፋ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል» አላቸው። እሳቸው «እኔን አይበቃኝም» አሉት፤ በማግሥቱም የይግባኙን ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ።

ይግባኙ ዓመታት ፈጀ። ሮጌልዮ እስሩን ጨርሶ ወጣ፤ እስር ቤት የያዘው ሳል ግን አልለቀቀውም፣ ውሳኔው ሳይደርስ አረፈ። ሰው ማደሪያ በማጣቱ አይቀጣም፣ ጋሪውም የተወሰደው ያለ አግባብ ነው ተብሎ የተወሰነ ቀን ቢሮው በጭብጨባ ተናጋ። እትዬ አላጨበጨቡም። የእኔን ጃንጥላ አንስተው ወጡ፤ ተከተልኳቸው። ግንቡ ሥር፣ ማይራ አዲስ ላስቲክ የወጠረችበት ጋ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ማይራ ብቅ ስትል ውጤቱን ከፊታቸው አወቀችው። «ሮጌልዮ ጥፋተኛ አይደለም» አሏት። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ጃንጥላውን ከላያቸው ይዤ ቆሜ ነበር።

እትዬ፣ ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደድኩት። ከዚያ በፊት ደመወዝ ነበር። አመሰግናለሁ፤ ሁላችንም እናመሰግናለን። ስንሰንፍ ስለተቆጡን፣ ስንሸነፍ ስላላዘኑብን፣ ለባለጉዳዮቻችንም እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ማን ይጣራላቸው ነበር?

ሰኞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። አዲሱ የከተማ ደንብ ደጅ ማደርን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል፤ የእግድ ጥያቄያችን የሚሰማው ሰኞ ነው። ካልታገደ በማግሥቱ መኪኖቹ ግንቡ ሥር ይደርሳሉ፤ ማይራ አሁንም እዚያው ናት። እትዬ «ሰኞ ችሎት ቆሜ ልሂድ» ብለው ለምነውን ነበር፤ ሐኪማቸው እምቢ አለ፣ እኛም እምቢ አልን። የምቆመው እኔ ነኝ፤ አልዋሻችሁም፣ ፈርቻለሁ።

ትናንት ልነግራት ማይራ ዘንድ ሄጄ ነበር። ተጣራሁ፣ ጠበቅኩ፣ «ግባ» አለችኝ።

«ሰኞ እትዬ ይመጣሉ?»

«እኔ ነኝ የምመጣው።»

ልክ ቱሪንግ ያን ቀን እትዬን እንዳያቸው ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እሺ» አለች በመጨረሻ፣ «ተጣርተህ ነው የገባኸው፤ አምንሃለሁ።»

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ ቱሪንግ፣ አንተም። የኮኮናት አረቄው ለሮጌልዮ ነፍስ፣ ለማይራ ማክሰኞ፣ ለእትዬ ሶሊንግ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይሁን። እትዬ፣ ኢሎኢሎ እህትዎ ቤት በሰላም ይግቡ፤ የባሕሩ ነፋስ ይስማማዎት። ችሎቱ እንዳለቀ በመጀመሪያው መርከብ እመጣለሁ። ብናሸንፍም ብንሸነፍም ደጅዎ ላይ ቆሜ እጣራለሁ፤ ውጤቱን ከፊቴ ያውቁታል። ዝናብ ከሆነ ግን ብዙ አያስጠብቁኝ፤ ጃንጥላዬ እርስዎ ጋ ነው።