የወተት አስተማሪው ሆድ

በእኛ ጊዜ «ወተት አይስማማኝም» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ወንድ ከየት ይመጣል! ይኸው ሰብለ፣ የልጄ ልጅ፣ ነርስነት የምትማረዋ፣ ዛሬ ከሱቅ በካርቶን የታሸገ የአኩሪ አተር ወተት ይዛ መጣችና «አባባ፣ ይኸን ቅመስ፣ ሆድህን አያውክህም» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። አንቺ ደግሞ ተቀየምሽኝ። የሳቅሁት ባንቺ አይደለም ልጄ፣ እኔን ለትዳር ያበቃኝ ከላም ያልታለበ ወተት ስለሆነ ነው። ቆይ፣ ተቀመጡ፣ ላጫውታችሁ።

ታዲያ ነገሩ በደርግ ዘመን ነው፣ እኔ ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ፣ የጤና ረዳትነት ተምሬ ገና መውጣቴ ነው፣ እና ትክል ድንጋይ የሚባል ገጠር መደቡኝ። ነጭ ጋዋን ለበስኩ፣ ደረቴ ላይ እስክሪብቶ ሰካሁ፣ ከዚያማ ማን ይቻለኝ! ሰው ሲያስነጥስ ካየሁ ትምህርት እጀምራለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ስብሰባ የሌለበት ቀን የለም፣ ገበሬ ማኅበሩ በተሰበሰበ ቁጥር «አሁን ጓድ ጤና ረዳት ስለ ጤና ይናገራሉ» ይባላል፣ እና እኔ ከዋርካው ሥር እቆምና ስለ ወተት እለፈልፋለሁ። «ወተት አጥንት ያጠነክራል! ለልጆቻችሁ ስጡ! ሁሉንም ቅቤ አውጥታችሁ ገበያ አታድርሱት! ጥሬውን አትጠጡ፣ በሽታ አለበት፣ አፍሉት!» እላለሁ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ዛሬም እውነት ነው፣ የማይረባው ተናጋሪው ነው እንጂ። እኔ ራሴ ጎረምሳ ከሆንኩ ወዲህ ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። እርጎ እንኳ ሲሆን ይሻለኛል፣ ወተት ግን... ተዉኝ!

አንድ ቀን ታዲያ እንደ ልማዴ ስለፈልፍ አያ ይግዛው ተነሡ። አያ ይግዛው ማለት የአገሩ ባለ ላም ናቸው፣ ሪዛቸው ብቻውን ያስፈራል።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ።

«ይጠይቁ ጓድ!»

«አንተ ራስህ ትጠጣለህ ወይ?»

ምን ልበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ከኋላቸው ልጃቸው ጥሩወርቅ ቆማለች። ያችን ልጅ ገበያ ላይ ያየሁ ዕለት ለሕመምተኛ የማድለውን የራስ ምታት ክኒን ራሴ ነበርኩ የዋጥኩት። እና እሷ እያየችኝ «ጠዋትና ማታ!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

«ሸጋ! እንግዲያ እሁድ ቤቴ ና» አሉኝ።

እሁድ ሄድኩ። ላሚቱን ፊቴ አለቧት። አሁን ይኸን ስሙኝ፣ በዚያ አገር ላም ስትታለብ ያየ እንግዳ ሳይቀምስ ከሄደ ላሚቱ ትነጥፋለች ይባላል። እምቢ ብትል ነውር ብቻ አይደለም፣ «ዓይነ ክፉ ነው» ተብሎ ስም ይወጣልሃል፣ ለባለ ስም ደግሞ ማን ልጁን ይሰጣል? እኔም ትንሽ ዕረፍት ባገኝ ብዬ «ሳይፈላማ አልጠጣም፣ ጤና ነው» አልኩ። እናትዬዋ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «እሱስ የትናንቱን አፍልተን አስቀምጠንልሃል፣ አንተ አይደለህ ያስተማርከን! የዛሬው ይቅር፣ ለዓይኑ ላሚቱን ዳሰስ አድርግና የትናንቱን ጠጣ።» በገዛ ምላሴ ተያዝኩ!

ጠጣሁ። «ድገም!» አሉኝ፣ ደገምኩ። አያ ይግዛው በራሳቸው ዋንጫ ፉት ይላሉ፣ ሪዛቸው ነጭ ሆኗል፣ ምንም አልመሰላቸው። ይኸ ምን ዓይነት ሆድ ነው ጌታዬ እያልኩ ቀናሁባቸው። ከዚያ ዘር መቁጠር ጀመርን።

«የአባትህ አገር ወዴት ነው?»

«ደምቢያ ነው አያ፣ ቆላ ድባ...» ሆዴ ጉርርርር!

«ምን አልከኝ?»

«ቆላ ድባ!»

ጉርርርርር! አያ ይግዛው ወደ በሩ ዞሩና «ማኪና መጣ እንዴ?» አሉ። የምን ማኪና! እኔ ነኝ እንጂ! ላቤ ወረደ፣ ጥሩወርቅ ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች፣ እና ስንብት የለ፣ ምን የለ፣ ብድግ ብዬ ወጣሁ። አጥሩን ዘልዬ ወደ ባሕር ዛፉ ስሮጥ ደግሞ ያካባቢው ሚሊሻ አየኝ። ያን ጊዜ የሮጠ ሰው ተፈላጊ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ቁም! ቁም ብያለሁ!» መሣሪያውን አቀባበለ።

«ጓድ! ጤና ረዳቱ ነኝ!»

«ምነው ታዲያ ትሮጣለህ?»

«ሆዴ ነው ጓድ! ስለ ፈጠረህ!»

«እጅህን ወደ ላይ!» አለኝ። እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን... ሰብለ አትሳቂ፣ ነርስ አይደለሽም እንዴ! ከዚያ በኋላ የሆነውን አይቶ ሚሊሻው ራሱ አዝኖልኝ ፊቱን አዞረ እላችኋለሁ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ ሰማ። «ያ ጤና ረዳት በሽተኛ ነው አሉ። ሌላውን ያክማል፣ እሱ ግን አንጀቱ አልቋል አሉ።» ሽማግሌ ብልክ አያ ይግዛው ምን ብለው መለሱ? «ልጁ ሸጋ ነው። ለበሽተኛ ግን ልጅ አልሰጥም። ጤነኛ ከሆነ ሰው በተሰበሰበበት ከእኔ ጋር ወተት ይጠጣ፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» እንቅልፍ አጣሁ። ሌላ ፈተና ቢሰጡኝ ምን ነበር? በሬ ጥመድ ቢሉኝ፣ ዳገት ውጣ ቢሉኝ! ዛሪማ ድረስ በእግሬ ሄጄ እመለስ ነበር እኮ፣ ማርያምን!

በዚህ መሀል ጥሩወርቅ ዓይኔን አመመኝ ብላ ወደ እኔ መጣች። ዓይኗን ገልጬ ባይ ምንም የለበትም፣ የሚያበራ ዓይን ነው።

«ወተት አይስማማህም፣ አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ማን ነገረሽ?»

«ሩጫህ።»

አፈርኩ። አንገቴን ደፋሁ። «እንግዲህ ቀረሁ በይኛ» አልኳት። «አንቺን ማጣቴ ነው» አልኳት፣ ምን እዋሻለሁ።

«ምን አስደፋህ? የሱፍ ወተት አደርግልሃለሁ። ሱፉን ቆላ አድርጌ፣ ወቅጬ፣ በውኃ አሽቼ በነጠላ ሳጠልለው ነጭ ነው፣ ማን ይለየዋል? የላሙን አረፋ ከላይ ጣል አደርግበታለሁ። ጨዋታህን እየተጫወትክ ጠጣ።»

«አባትሽ ቢነቁብንስ?»

«እሱን ለኔ ተወው» አለች። እንዲያ ስትለኝ ድፍረቷ ገረመኝ። ሞኙ እኔ፣ ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኩም።

ቀኑ ደረሰ። ሽማግሎቼ ተቀመጡ፣ የእነሱም ወገን ተቀመጠ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም አለ፣ ያ ሚሊሻ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጥሩወርቅ ሁለት ዋንጫ ይዛ ገባች፣ አንዱን ለአባቷ፣ አንዱን ለኔ ሰጠች። ቀመስ አደረግሁ፣ ሱፍ ነው። ተመስገን! ብዬ አንድ ጊዜ ስጎነጭ አንዱ ሽማግሌ ምን ቢል ደግ ነው? «እንግዲህ እንደ ወጋችን አባትና አማች ዋንጫ ይለዋወጡ!»

ምን? ምን ይለዋወጡ? እኔ የከተማ ልጅ ይኸን ወግ ከየት ልወቀው! የኔ ሱፍ ወደሳቸው፣ የሳቸው ወተት ወደኔ ሊመጣ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ ቢቀምሱ አጭበርባሪ ነኝ፣ እኔ አንድ ጊዜ ብቀምስ ሯጭ ነኝ። ጥሩወርቅን አየኋት፣ እሷ ጣራ ጣራውን ታያለች። አያ ይግዛውን አየኋቸው። ዋንጫቸውን አልለቅም ብለው ያዙት። «ግዴለም፣ ወጉ ይቅር፣ አሮጌ ነገር ነው፣ ዘመኑ የለውጥ ነው» ይላሉ። ሽማግሌው «ኧረ አይሆንም!» አለና ከእጃቸው ነጥቆ ሰጠኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠጣሁ።

ሱፍ!

ዓይኔን ስገልጥ አያ ይግዛውም ከኔ ዋንጫ ጠጥተው ቀና ብለዋል። ተያየን። ያ ሁሉ ላም ያላቸው ሰውዬ፣ ያ ሁሉ ሪዝ፣ ለካ እንደኔው ናቸው! ለካ ልጅቱ ስንት ዘመን ጓዳ ለሳቸው ስትወቅጥ ነው የኖረችው! ቤቱ ሁሉ ያየናል። ከዚያ ሪዛቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ተቆጡ ስል ሳቃቸው ፈነዳ፣ እንባቸው እስኪወርድ፣ መደቡን እየደበደቡ፣ «ስጡት! ይኸስ የኔው ልጅ ነው! ስጡት!» አሉ። ሽማግሎቹ ምን እንደ ገባቸው እንጃ፣ እልል ተባለ።

በኋላ ከአጥር ውጭ ጠሩኝና «ለሰው ተናግረሃል?» አሉኝ። «ለማንም!» አልኩ። «እኔም አልተናገርኩ። ባለ ላም ሆኜ ሆዴ ወተት አይወድልኝም ብል ማን ይሰማኛል? ግን ልጄ፣ ካሁን ወዲያ ስታስተምር አንዲት ቃል ጨምር፣ ‹ለሚስማማው› በል» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው «ወተት ጠጡ፣ ለሚስማማው!» እላለሁ፣ ይኸን ባልኩ ቁጥር ከኋላ መስመር ሁለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንገታቸውን ሲነቀንቁ አያለሁ። ለካ ብዙ ነን!

ሰብለ እንደምትለው የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ነገር ብዙ ሰው ሲያድግ ከአንጀቱ ይቀንስበታል፣ ነውርም በሽታም አይደለም። ሱፉም ለኛ ሆድ ይሆናል እንጂ ለሕፃን የወተት ምትክ አይሆንም፣ እሱን አደራ ብላችኋለች። ይኸን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እጄን ወደ ላይ አድርጌ... ተዉት እስቲ! እና ይኸው እድሜ ልኬን ወተት ሳልጠጣ ጥርሴ እንኳ አልወለቀም፣ ባለቤቴ ምን ጎደለባት? ሁለት ሰው ያዳነች ጀግና ናት፣ አይደለም እንዴ ጥሩወርቅ?

(ጥሩወርቅ፣ ከጓዳ፦) «እንዲያው ዝም በል አንተ ሰውዬ! ያ ሁሉ ላም ታልቦ፣ አባቴም አይጠጣ፣ አንተም አትጠጣ፣ ወተቱን ማን ሲጨርሰው የኖረ ይመስልሃል? ምነው፣ ሁለታችሁን ሱፍ ያለመድኳችሁ ለጽድቅ መሰለህ?»

(ሳቅ)