ማእዘን የሌለው ሰማይ

አባቴ ሁልጊዜ «ለሞቀው ሰው ብርድ ወሬ ነው» ይላል። እንዴት ያዘዎት ብርዱ፣ እትዬ አጸደ? የናይሮቢ ሐምሌ ዘንድሮስ አጥንት ፈልጎ ነው የመጣው። ነጠላዎን ደረብ ያድርጉት እንጂ… ቅዳሴው ግን እንዴት ደስ ይል ነበር!

ቅድም ስለዚያ ሩንዳ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ስላለው ሰውዬ ሲያነሱ ሰማሁ። «አባቱን እንዲህ የሚያከብር ልጅ አላየሁም» ነው ያሉት? እኔም አላየሁም። ከቅዳሴ ወጥቶ ሰው ማማት ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ እኔም ላመስግን። ስሙን አልጠራም። አንዲት እናት ናት የወለደችን ካልኩዎ ስሙን ምን ያደርጉታል? ድምፄን ከፍ ያደረግኩትም እርስዎ እንዲሰሙኝ ነው እንጂ፣ ከጀርባዎ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካው ሰው እንዲሰማ አይደለም።

አባባ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ዕድሜውን እንደፈጀ ያውቃሉ። ሰውዬው ታዲያ ለክብሩ ብሎ ያንን ባቡር በትንንሹ ሠራለት። ሐዲዱ አለ፣ ፉርጎው አለ፣ ጣቢያው አለ… ጣቢያው ላይ አባባ ራሱ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ባንዲራ ይዞ ቆሟል። ምን ቀረ? ሰማይ ቀረ! ከባቡሩ ኋላ ባዶ ግድግዳ ከታየ ነውር ነው አሉ። ስለዚህ ክፍሉን ዞሮ የሚታጠፍ ሰማይ ተፈለገ።

የሰማዩን ነገር ላጫውትዎ፤ ተሸካሚው እኔ ነበርኩ። ያልተማረ ሰው ሌላ ምን ይሠራል? መጀመሪያ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አመጣ፤ ሲያጥፉት ተሰነጠቀ። ሸራ ወጠረ፤ ተጨማደደ። «የተጨማደደ ነገር ዓይኔ አይወድም» አለ… አባባም አጠገቡ ቆሞ ነበር። የወለል ፕላስቲክ ሞከረ፤ ተመልሶ ይጠቀለላል። ላሜራ አቆመ፤ ባቡሩ ሲሄድ ይንጫጫል። ሰውዬው ደግሞ ጩኸት አይችልም፤ ሳል እንኳ ይረብሸዋል። በመጨረሻ ፓርክላንድስ ካለ ሱቅ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ፣ አገኘ። በእጁ ሲዳብሰው ቢያዩ! አራስ ልጅ ያቀፈ ነው የሚመስለው። አባባን እንዲያ ሲዳብስ እንኳ… አይ፣ ሥራ ይበዛበታል።

አናጢው ፉንዲ «ማእዘኑ ጋ ልቁረጠው?» ቢለው፣ «ሰማይ ማእዘን የለውም!» አለው። እንዴት ያለ አነጋገር ነው፣ እትዬ? እንዲህ ያለ ስብከት ከመምህራኑም አልሰማሁ። ማእዘኑ ላይ ግን የአባባ አልጋ ነበረ። ምን ይደረግ? ሰማይ ሲመጣ አልጋ ይነሳል። አባባ ጓሮ ወዳለችው የሠራተኛ ክፍል፣ ኤስኪው ወደሚሏት፣ ተዛወረ። ለእሱም ሳይሻል አይቀርም፤ እዚያ እውነተኛውን ሰማይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያየዋል። ከአንጀት ከወደዱ ክፍል አይገድም፣ አይደል?

አሳቢነቱስ! ኮምፔንሳቶ እርጥበት ከነካው ይጎብጣል ብሎ ለባቡሩ ክፍል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዛ፤ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ለአባባስ? እሱማ ሰማንያውን አልፏል፣ ድሮም ጎብጧል፤ ከዚህ በላይ ምን ይጎብጣል? ብርድ ልብስ ተጨመረለት። ሳሉ ግን ብርድ ልብስ አልፈራም… ሐኪሙም «ሽማግሌው ከዚያ ክፍል ካልወጡ ሳንባቸው አይችልም» አለን። እኔ ኢስሊ ባለችው አንድ ክፍሌ ስድስት ነፍስ ብንሆንም፣ «አባባ ና፣ እኔ መሬት እተኛለሁ» አልኩት። «ተው ልጄ፣ ታላቅህን ሰው ምን ይለዋል?» አለኝ። አዩ? አባትም ልጁን እንዲህ ያከብራል።

እኔማ ምን አፍ አለኝ? ሰማይ አይታረስ፣ ታላቅ ወንድም አይከሰስ። ብቻ ማታ ማታ ስጸልይ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ሰማይን እንደ መጋረጃ የዘረጋህ፣ ያንን የሩንዳውን ሰማይ የአንድ አልጋ ያህል ገፋ አድርግልን፤ ሐምሌ አባባን ሳይጨርሰው» እላለሁ። ለእሱ ምን ይሳነዋል? ለሰው ግን ይከብዳል… ሰማዩ የተቀባው ቀለም ገና አልደረቀም።

ባለፈው እሑድ ባቡሩን ሊያዩ ከመጡት መካከል አንዲት የማላውቃቸው እናት ነበሩ፤ ከሞያሌ ነው የመጡት አሉ። ያንን አውራ ጣት የሚያህል አባባ በሰማዩ ሥር ቆሞ ሲያዩ እንባቸው መጣ። ባለቤቱ እኔ መስያቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። እኔ ደግሞ የሰው ምርቃት አልወስድም፤ ኢዮኤልና ሚጣ የሚባሉ፣ እያዩት የሚያድጉ ልጆች ያሉት ባለቤቱ ሌላ ነው። ከልቤ አሜን ብዬ እነሆ ለእሱ አስረክቤያለሁ። ቃል በቃል እንዲህ ነበር ያሉኝ፦

«ልጄ፣ አባትህን እንዳኖርከው ልጆችህ ያኑሩህ!»