ለባንኩ ሽማግሌ የላክን ጊዜ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ደርግ ወድቆ እነዚህኞቹ ከገቡ በኋላ ማለቴ ነው፣ የባንክ ጉዳይ እንደ ዛሬ በስልክ አልነበረም፤ በእግር ነበር። የኔና የባሌ የደሳለኝ እግር የት አለቀ ብትሉኝ፣ ባንክ ቤት እላችኋለሁ።

ቤታችን ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ዳር ነበረች። በባንክ ብድር ነው የሠራናት። እኔ ሾላ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ እየቸረቸርኩ፣ እሱ የጭነት መኪና እየነዳ፣ እንደ ምንም ከፍለን ጨረስን፣ ተገላገልን። ታዲያ ባንኩ መያዣ ብሎ የወሰደውን የቤቱን ካርታ መመለስ ነበረበት አይደል? አልመለሰም። እና በዚያው ሰሞን መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡብን። ዋናውን ካርታ በቶሎ ያላቀረበ ምትክ ቦታ አያገኝም አሉ። አስቡት እንግዲህ፣ ሜዳ ላይ መቅረታችን ነው።

ደሳለኝ ሄደ። የብድር ክፍሏ ልጅ፣ ሰናይት ትባላለች፣ ፋይሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው አለችው። ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደ፣ ቅርንጫፉ ጋ ነው አሉት። ተመለሰ፣ ኃላፊው ግምገማ ላይ ናቸው። ደግሞ ሄደ፣ ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው። ደግሞ ሄደ፣ ሲስተም የለም። ግድግዳው ላይ ግን "ደንበኛ ንጉሥ ነው" ተብሎ ተለጥፏል። የኔ ባል ደግሞ፣ ጌታ ይባርከውና፣ ልቡ ቅቤ፣ አፉ ሚጥሚጣ ነው። "እኔ ንጉሥ ከሆንኩ ዙፋኔ የታለ? ይኸው ቆሜ አረጀሁ!" ብሎ ጮኸባትና ልጅቷን ሰው ፊት አስለቀሳት። ከዚያ ወዲያማ ዘበኛው ገና ከሩቅ ሲያየው "ነገ ይምጡ አባባ" ይለው ጀመር።

እቤት ገብቶ ምግብ አልቀምስ አለ። "አስካለ፣ በስተርጅና ሜዳ ላይ ልጥልሽ ነው" አለኝ። አንጀቴን በላው።

"ስማ፣ ሰው ከሰው ሲጣላ ምን ይደረጋል?" አልኩት።

"ሽማግሌ ይላካላ።"

"እንግዲያው ለባንኩም ይላካል።"

አብደሻል አለኝ። እኔ ግን ሰው ለመንኩ፤ ባለሱቁ ሐጂ ኑሪ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰና ከቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ጴጥሮስ ጋቢያቸውን ለብሰው ባንክ ገቡ። በዳዩ እስኪጠራ ውጭ ይቆማል አይደል ደንቡ? እኔና ደሳለኝ በመስታወቱ በር በኩል እናያለን። ተቀመጡ ቢሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል፣ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ መስሎታል። ታዲያ ሐጂ ኑሪ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እህህ ብሎ፣ "ልጄ ሰናይት፣ ያ ወንድማችን በድሎሻል። ስለ ካርታ አልመጣንም፣ ስላንቺ ነው የመጣነው" አላት።

ልጅቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? መጀመሪያ አለቀሰች። ከዚያ፣ "አባቶቼ፣ እዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የሚሰድበኝ እንጂ ይቅርታ በሉልኝ ብሎ ሰው የላከ አላየሁም" አለች። ደሳለኝን አስገቡት። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ቢል፣ "ኧረ አባባ፣ በሞቴ!" ብላ ትከሻውን ይዛ አነሳችው። እና ታኮ ጫማዋን አውልቃ፣ በነጠላ ጫማ ምድር ቤት ወረደች፣ መዝገብ ቤቱ እዚያ ነው። ቆይታ ስትወጣ ፀጉሯ አቧራ ለብሷል፣ ካርታችን በእጇ ነው። ለካ አንድም ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ሄዶ አያውቅም! እግራቸው ሥር ተኝቶ፣ ወርዶ የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ደሳለኝ ካርታውን ለኔ ሰጠኝና ዕንባውን እንዳናይበት ፊቱን አዞረ። ምን ልደብቃችሁ፣ ያን ቀን እንደ አዲስ ወደድኩት።

ቤቷማ ፈረሰች። ምትኳ ይኸው አሁን የተቀመጣችሁበት ነው። ሰናይትም ያው እንደ ልጃችን ሆነች፣ በየበዓሉ ሳትመጣ ቀርታ አታውቅም።

"ታዲያ እማማ፣ ከባንኩ ጋር ታረቃችሁ ማለት ነው?"

ከሰናይት ጋርማ ታርቀናል። ባንኩን ግን እኔ አልታረቅኩትም። የበደለው እሱ፣ ሽማግሌ የላክነው እኛ! እሱም በተራው ይላክና ቁጭ ብለን እናየዋለን። (ሳቅ)