እታችስ ለካችሁ?

አሎራ፣ እንደምን አመሻችሁ። ኤንዞ እንደ አለቃ ጡረታ የሚወጡትን ሲኞራ ዮላንዳን በጣልያንኛ ሲያሞግሳቸው ሰምታችኋል። እኔን ግን እሳቸው ራሳቸው ትናንት፣ «ወልደጊዮርጊስ፣ አንተ በአማርኛ ተናገር፤ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ በእናቴ ቋንቋ ልሸኝ» ስላሉኝ እታዘዛለሁ። ኤንዞ፣ እኛ ስንስቅ አብረህ ሳቅ።

ሲኞራ ሥራ የጀመሩ ቀን ቺቪታቬኪያ ወደብ ይዣቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሥራችንን ለማታውቁ እንግዶች፦ ዘይት ወይም ነዳጅ የጫነ መርከብ ላይ ወጥተን በየታንኩ ምን ያህል እንዳለ እንለካለን፣ ናሙናም እንቀዳለን። ሻጭም ገዢም የሚያምኑት የእኛን ልኬት ነው። ሲኞራ ታዲያ መሰላሉን ወጥተው ሳይጨርሱ የመርከቡን መኮንን በጥያቄ ያዙት። «ዘይቱ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያንሳል አይደል? እውነተኛው የጠዋቱ ልኬት ነው የከሰዓቱ?» ሰውዬው ሙቀቱም አብሮ እንደሚለካ አስረዳቸው። «ሙቀቱስ ከላይም ከታችም እኩል ነው?» አሉት። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ሴትዮዋ ከጉምሩክ ናቸው እንዴ?» አለኝ። አዲስ ሠራተኛ ናቸው ብለው አላመነኝም። ያን ቀን በመርከቡ ላይ እንደ እሳቸው የተከበረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ታንክ ውስጥ የምንሰደው ሜትራችን ጫፍ ላይ የምንቀባው ቅባት አለ፤ ዘይቱ ሥር ውሃ ካለ ይቀላል። ሲኞራ በዚያ ቅባት አንድ ቀን እዚሁ ቪያ ቮልቱርኖ ምግብ ቤት የቀረበላቸውን ነጭ ወይን ፈትሸዋል። «ቀላ፤ ውሃ አለበት» አሉን። የሥራ ባልደረባችን ሮቤርታ፣ «ሲኞራ፣ ወይን እኮ አብዛኛው ውሃ ነው» ስትላቸው፣ «እሱንማ አውቃለሁ፤ ቅባቱ ያውቅ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉ።

ዛሬም ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፤ ጠረጴዛው ማዘንበል አለማዘንበሉን በውሃ ብርጭቆ ሲያዩ ነበር። አይፈረድባቸውም። መርከብ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ኋላው ሲሰምጥ ፈሳሹ ወደዚያ ይሄዳል፣ ያንን ያላሰበ ሰው ልኬቱ ይሳሳታል። ግን ሲኞራ፣ የቀረበልዎት ሽሮ ነው፤ የትም አይሄድም።

ፊዩሚቺኖ ወደብ በዚያ ነፋስ ስንት ጊዜ አቁመውናል። ሜትሩን ሰደን፣ አንብበን፣ «በቃ፣ ፊኒቶ» ስንል፣ «ቆዩ እስቲ፣ መርከቡ ሲወዛወዝ ነበር፤ እንደገና እንስደደው» ይላሉ። ሁለቱ ልኬት ካልገጠመ ሌላ ዙር። ምሳዬ፣ ፓኒኖ ዳቦዬ፣ ኪሴ ውስጥ እየደረቀ። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ ረግሜዎት አውቃለሁ፣ በሆዴ።

አሁን ቀልዱን ልተወው። አንድ ጥቅምት ላይ የሱፍ ዘይት ሊጭን የመጣ መርከብ ነበር። ባዶው ታንክ ታጥቦ ተዘግቶ ሰንብቷል፤ የእኛ ሥራ ታች ወርዶ መጽዳቱንና መድረቁን ማየት ነው። ወራጁ እኔ ነበርኩ። የመርከቡ መኮንን፣ «አየሩ ተለክቷል፣ ደህና ነው» አለ። አንድ እግሬ መሰላሉ ላይ እያለ ሲኞራ እጅጌዬን ያዙኝ።

«የት ጋ ነው የለካችሁት?» አሉት።

«አፉ ላይ።»

«እታችስ ለካችሁ?»

«ሲኞራ፣ ታንኩም አንድ፣ አየሩም አንድ ነው።»

«አንድ መሆኑን በምን አወቅክ? እኔ አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ያው የለመድነው ጥያቄያቸው ነው። መኮንኑ እየተነጫነጨ የመለኪያውን ቱቦ እስከ ታች ሰደደው። መሣሪያው ጮኸ። እታች ለሰው የሚበቃ ኦክስጅን አልነበረም። እርጥቡ ብረት በተዘጋ ታንክ ውስጥ ሲዝግ አየሩን በልቶት ኖሯል። አይሸትም፣ አይታይም። የወረደ ሰው እዚያው ይወድቃል፤ ሊያነሳው የወረደም አብሮት ይቀራል። ከመሰላሉ ተመልሼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሲኞራም አጠገቤ ተቀመጡ። «አብረኸት ስንተኛ ወሯን ያዘች?» አሉኝ። ባለቤቴ አብረኸት ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር።

ሲኞራ፣ ያን ቀን ምስጋናዬ አፌ ላይ ቀረ። ዛሬ በሰው ፊት ልበለው። አመሰግንዎታለሁ። እወድዎታለሁም። እኛ ጨርሰናል ስንል እርስዎ ገና ማወቅ ይፈልጉ ስለነበር ሁላችንም ከየመርከቡ ወደየቤታችን በሰላም ስንገባ ኖረናል።

ይህን ሁሉ ዘመን ባሕር ላይ ሠርተው አንድ ቀን እንኳን ሲዋኙ አላየሁዎትም። ከእንግዲህ ወደ ባሕር የሚሄዱት ፀሐይ ለመሞቅ ይሁን። ጤናውን ይስጥዎት። የሚጠይቁት አይጥፋብዎ፣ የሚመልስልዎ ሰውም አይጉደልብዎ።

በሉ፣ ብርጭቆአችሁን አንሱ። አጠገብዎ ተቀምጣ ከሰሃንዎ የምትጎርሰው ልጄ ሶፍያም የብርቱካን አራንቻታዋን ታንሳ። የተወለደችው ከዚያ ጥቅምት በኋላ፣ በጥር ነው። ሐኪም ቤት ተቀብዬ ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ አባቷ በሕይወት ኖሮ እንዲያቅፋት ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ለሲኞራ ዮላንዳ፣ ሳሉቴ።